ድምፁ ከናሱ ነው ወይስ ከእስትንፋሱ?

በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የልጆች ሙዚቃ ክፍል አስተባባሪዎች ያቀረቡት ንግግር



 የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ሙዚቃ ክፍላችን ጥቂት እንድንናገር ሲጋብዘን፣ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት የሥራ ሪፖርት እንደሚሆን እናውቃለን። ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት ጊዜ መድረክ ላይ ወጣን፣ ገቢና ወጪው ምን ይመስላል የሚለውን በዚህ መጽሔት ሌላ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ብረት ነው። ስለ ናስ። በዚህ ብረት ምክንያት ስለሠራነው ስሕተትም እንነግራችኋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍላችን ሲቋቋም በአባላት መዋጮ ያገለገሉ የናስ መሣሪያዎች ገዛን። ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ አንድ ትልቅ ባስ ጭምር። ገንዘቡ የብዙ ሰው ላብ ስለሆነ ጥብቅ ደንብ አወጣን። መሣሪያ ወደ ቤት የሚወስድ ልጅ ወላጁ መያዣ ያስይዛል፤ ከተበላሸም ያስጠግናል። አንድ ቀን አንድ የ11 ዓመት ልጅ ትሮምቦኑን እንደያዘ ከደረጃ ላይ ወደቀ። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆነም። የትሮምቦኑ ተንሸራታች ቱቦ ግን ተጣመመ። ትሮምቦን የያዘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሁለቱ ቱቦዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ጠብቀው ስለሚሄዱ ትንሽ ጉብታ እንኳ ታነቃቸዋለች። እኛም በደንባችን መሠረት ለቤተሰቡ የማስጠገኛውን ሒሳብ የያዘ ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ልጁም እኅቱም ወደ ክፍሉ አልተመለሱም።

ከወራት በኋላ ከእኛ አንዳችን ለለቅሶ ወደዚያ ሰፈር ሲሄድ ከአንድ ግቢ የማርሻችን ዜማ ይሰማል። ወደ ውስጥ ቢያይ ያው ልጅ ነው። አትክልት የሚጠጣበትን የፕላስቲክ ጎማ ቱቦ ቆርጦ፣ አንዱ ጫፍ ላይ የዘይት ማንቆርቆሪያ ማጥለያ ሰክቶ፣ በሌላው ጫፍ በከንፈሩ እየነፋ ነበር። ድምፁ ደግሞ ትክክለኛ ነበር። ይህን ስንሰማ ሁላችንም አፈርን። ከኀፍረቱ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ መጣ። ለመሆኑ ናሱ ምን ያህል ያስፈልገናል?

ናስ ለምን ተመረጠ?

በአማርኛችን ናስና ነሐስ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። ናስ መዳብና ዚንክ ሲዋሐዱ የሚገኘው ቢጫ ብረት ነው፤ ነሐስ ደግሞ መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ሲዋሐድ ነው። አብዛኛው ትራምፔት የሚሠራው ከ100 እጅ 70 ያህሉ መዳብ፣ 30 ያህሉ ዚንክ ከሆነ ናስ ነው። ይህ ብረት ለባለ እጅ የተመቸ ነው። ስስ ሆኖ ሲቀጠቀጥ አይሰነጠቅም፤ ሲደርቅ በእሳት ይለሰልሳል፤ ለብየዳ ይመቻል፤ እንደ ተራ ብረት አይዝግም፤ ሲወለወል ደግሞ እንደ ወርቅ ያበራል። ከመቶ ዓመታት በፊት ቱቦ አጥፎ፣ አፉን እንደ አበባ አስፍቶ፣ ቫልቭ ገጥሞ የሚሠራ ሰው ከናስ የተሻለ ነገር ሊያገኝ አይችልም ነበር። እንግዲህ ናስ በዋናነት የተመረጠው ለሠሪው እጅ ስለተስማማ ነው።

ጉድለትም አለው። መዳብ ውድ ነው። ናስ ሲወድቅ ይጎደጉዳል። የነፊው ምራቅ ውስጥ ያለው አሲድ ዚንኩን ቀስ በቀስ ይበላውና በቱቦው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ካልታጠበም በመጨረሻ ይበሳዋል። ክብደቱም ለትንሽ ልጅ ክንድ ቀላል አይደለም።

በእኛ አገር ደግሞ ናስ ከክብር ጋር የገባ ብረት ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶች ተከተሉ። አባቶቻችን የናስ ድምፅ ሲሰሙ ሰልፍ፣ ሰንደቅ ዓላማና የበዓል ቀን ትዝ የሚላቸው ለዚህ ነው። ይህን ስሜት አናቃልልም።

ከናስ በፊትስ?

ነገር ግን ናስ ከመምጣቱ በፊት አገራችን ጸጥ ብላ አልኖረችም። መለከት ከሸምበቆ ተሠርቶ ቆዳ የተለበጠ ረጅም ጥሩምባ ነው። እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የሌለው ረጅም ዋሽንት ነው፤ ሦስት ነፊዎች ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታ ይዘው፣ እያንዳንዱ ያለችውን ጥቂት ድምፅ በተራ እየጣለ አንድ ዜማ ያወጣሉ። እምቢልታ ከሸምበቆም ከብረት ቱቦም ይሠራል። በደቡብ ደግሞ የደራሼ ሕዝብ «ፊላ» የሚባለውን የሸምበቆ ጨዋታ ያውቃል፤ እያንዳንዱ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ ያላት ሸምበቆ ይይዛል፣ ዜማው የሚሟላው ሁሉም በአንድነት ሲጨፍሩ ነው። ማኅበር ማለት ምን እንደሆነ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

አሁን የምንኖርበትን አካባቢም እንይ። በኬንያ የባሕር ዳርቻ «ሲዋ» የሚባል የሥርዓት ቀንድ ጥሩምባ አለ። የላሙው ከናስ የተሠራ ነው፤ የጎረቤቱ የፓቴ ደሴት ሲዋ ግን ከዝሆን ጥርስ ነው። ቅርጻቸው አንድ ዓይነት፣ ክብራቸውም እኩል ነው። በኡጋንዳ ደግሞ የቡንዮሮና የቶሮ ነገሥታት «አማኮንዴሬ» የሚባሉ ከቅል የተሠሩ ጥሩምባዎች ይነፉላቸው ነበር። ለንጉሥ ዙፋን ቅል ከበቃ፣ ለእኛ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ሌላ ነገር የማይበቃበት ምክንያት አልታየንም።

የሚዘምረው ምኑ ነው?

ልጁ በጎማው የነፋው ለምን ትክክል ሆነ? መልሱ ቀላል ነው። በትራምፔትም ሆነ በትሮምቦን ድምፁን የሚጀምረው የነፊው ከንፈር ነው። ከንፈሩ ይርገበገባል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ዓምድ ይቀበለዋል፤ የዓምዱ ርዝመት ድምፁ ቀጭን ወይም ወፍራም እንዲሆን ይወስናል፤ የቱቦው ውስጣዊ ቅርጽና የሰፋው አፍ ደግሞ ጠባዩን ይሰጡታል። ግድግዳው የሚጠበቅበት ዋና ነገር አየሩን አጥብቆ መያዝ፣ ውስጡ ለስላሳ መሆንና አለመፍሰስ ነው። የግድግዳው ንዝረት ጥቂት አስተዋጽኦ እንዳለው ተለክቷል፤ ግን ከቅርጹና ከነፊው ችሎታ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።

ጆን ኮልትማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸውን ሦስት ፍሉቶች ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት አሠርቶ፣ አድማጮች ሳያዩ አስነፋላቸው። የሙዚቃ ሰዎች ጭምር ለይተው ሊነግሩት አልቻሉም። ዓይናችን ብሩን ሲያይ ጆሮአችን ብር የሚሰማ ይመስለዋል ማለት ነው።

ሳክስፎንንም ውሰዱ። ገላው ናስ ነው፤ ድምፁ ግን የሚነሣው ከመቃ ከተሠራች ስስ ምላስ ስለሆነ በሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚመደበው ከእንጨት መሣሪያዎች ጋር ነው። ነፍሱን ይማረውና ጌታቸው መኩሪያ የአገራችንን ሽለላ በሳክስፎን ሲያወርደው፣ የሰማነው ናሱን ሳይሆን የሸላዩን ጉሮሮ ነበር።

ሌሎች ምን ሞከሩ?

በዚህ መንገድ የሄድነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ሄክተር ሶማሩጋ የተባለ በለንደን የሚኖር ጣሊያናዊ «ግራፍተን» የተባለ ሳክስፎን ከአክሪሊክ ፕላስቲክ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ አቀረበ። ዓላማው ዋጋውን ማርከስ ነበር። ታላቁ ቻርሊ ፓርከር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 በቶሮንቶ ማሲ ሆል በተደረገው ዝነኛ ኮንሰርት የተጫወተው በዚሁ የፕላስቲክ ሳክስፎን ነው። ፓርከር የያዘው አንዱ ግራፍተን ዛሬ በካንሳስ ከተማ የጃዝ ሙዚየም ይገኛል። ይሁን እንጂ ያ ፕላስቲክ ሲወድቅ ይሰነጠቅ ነበር፤ መለዋወጫውም ለብቻው የተሠራ ስለሆነ ጠጋኝ አጣ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ማምረቱ ቆመ። ከዚህ የምንማረው፣ ርካሽ መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሲሰበር ማን ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው እኩል ነው።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በትከሻቸው ተሸክመው የሚሰለፉበትን ትልቁን ሱሳፎን ከፋይበርግላስ መሥራት ተለመደ፤ ምክንያቱ ክብደቱ ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ «ፒቦን» የሚባል የፕላስቲክ ትሮምቦን ከእንግሊዝ ወጥቶ በብዙ አገር ትምህርት ቤቶች ተሰራጭቷል። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነው፤ ሲወድቅ አይጎደጉድም። ያየነውን እውነት ለመናገር ተንሸራታቹ እንደ ጥሩ የናስ ትሮምቦን አይፈጥንም፤ ጮክ ተብሎ ሲነፋም የናሱ ግርማ የለውም። ለጀማሪ ልጅ ግን ከበቂ በላይ ነው።

በፓራጓይ ዋና ከተማ በአሱንሲዮን አጠገብ ካቴውራ የሚባል የቆሻሻ መጣያ ሰፈር አለ። ፋቪዮ ቻቬስ የተባለ አስተማሪ፣ ኒኮላስ ጎሜስ ከሚባል ከዚያው ሰፈር ቆሻሻ በመልቀም ከሚኖር ባለ እጅ ጋር ሆኖ፣ ከተጣለ ቆርቆሮ ቫዮሊን፣ ከፍሳሽ ቱቦ ሳክስፎን ሠራ። የሳክስፎኑ ቁልፎች የጠርሙስ ክዳንና ሳንቲም ናቸው። በዚያ ሰፈር አንድ ቫዮሊን ከአንድ ቤት የሚበልጥ ዋጋ ስላለው፣ ልጅ ይዞት ወደ ቤት መሄድ አደጋ ነበር። ከቆርቆሮ የተሠራውን ግን የሚሰርቀው የለም። ልጆቹ በዚያ ኦርኬስትራ ዓለምን ዞረዋል። ከደረጃ ስለወደቀው ልጅ ስናስብ ይህ ታሪክ ነው በልባችን የመጣው። እኛ ዕቃውን ከልጁ ስንጠብቅ፣ እነሱ ልጁ የማይፈራው ዕቃ ሠሩ።

ራሳችን የሞከርነው

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንዲሉ፣ ነገሩ ሲሞከር እንደ ወሬው አልቀለለንም። ለልጆቹ ዋሽንት መሥራት ከፒ.ቪ.ሲ. የውኃ ቱቦ ጀመርን። ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ 39 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቱቦ 440 ንዝረት ያለውን የማስተካከያ ድምፅ ይሰጣል፤ በተግባር ግን ከጫፉ ትንሽ መቆረጥ አለበት። በግማሽ ሲያጥር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወጣል። ልጆቹ በሜትር እየለኩ፣ በመጋዝ እየቆረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ ሒሳብና ሙዚቃን በአንድ ቀን ተማሩ። የመጀመሪያዎቹ አራትና አምስቱ አልተቃኙም። ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ መመለሻ የለውምና፣ መጀመሪያ ጠበብ አድርጎ በስቶ እየሰሙ ማስፋት እንደሚሻል የተማርነው ዕቃ አበላሽተን ነው።

ወላጆች ይህን አጥብቃችሁ ያዙልን። የሸምበቆ ዋሽንት በጋለ ብረት እንደሚበሳው፣ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ በእሳት አይበሳም። ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባን የሚጎዳ ነው። በመሰርሰሪያ ብቻ ይበሳ፤ ብናኙ ታጥቦ ይውጣ፤ ቱቦውም አዲስና ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ ይሁን። ከሕንፃ ሥራ የተረፈ፣ ምን እንደፈሰሰበት የማይታወቅ ቱቦ ወደ ልጅ አፍ አይቅረብ።

ለክራር ደግሞ የጅማት አውታር ፍለጋ አገር ቤት ድረስ መላክ ቀርቶ፣ ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የናይሎን ክር በልዩ ልዩ ውፍረት ተመርጦ ይሠራል። የክራሩን ገበታ ከእንጨት ማስጠረብ ሲያቅት ከብረት ሳሕን የሠሩ አገር ቤትም ነበሩ። እዚህ ናይሮቢ ውስጥ ካሙኩንጂ የሚገኙት የጁዋ ካሊ ባለ እጆች፣ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ሣጥንና ድስት የሚሠሩት ጎረቤቶቻችን፣ ሥዕሉን ካዩ የፈለግነውን ለመሥራት አያቅታቸውም።

አንድ ነገር እንጨምር። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ወርደን ስንጫወት ድምፃችን ለምን ከኪቦርዱ ጋር እንደተጣላ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ጥፋቱ የልጆቹም የመሣሪያውም አይደለም። ድምፅ በሞቀ አየር ውስጥ ይፈጥናል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የነፋሽ መሣሪያ ድምፅ የግማሽ ቶን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ይላል። ይህ ለናስም፣ ለፕላስቲክም፣ ለሸምበቆም እኩል ነው። መፍትሔው ቱቦውን ትንሽ ማስረዘም ነው።

የማይተካው

አንድ የተከበሩ አባታችን ይህን ሐሳብ ሲሰሙ «ልጆቼ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ ፕላስቲክ ልታስነፉ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሳችን እንዲህ ነው፤ አይደለም፣ አባባ። ለበዓል ሰልፍ ናሱ ይወጣል፣ ይወለወላል፣ ያበራል። ጥሩ ቫልቭ ያለው ትራምፔትም እስካሁን በናስ ቢሠራ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያን ጸናጽልም ሆነ የበገና ጅማት የሥርዓቱ ባለቤቶች የሚወስኑት እንጂ የእኛ መሞከሪያ አይሆንም። እኛ የምንለው፣ ናስ መድረሻ ይሁን፣ በር መዝጊያ አይሁን ነው። አንድ ልጅ ከንፈሩን፣ እስትንፋሱንና ጆሮውን የሚያሠለጥነው በጎማም፣ በፕላስቲክም፣ በሸምበቆም ይቻላል። ያ ከተማረ በኋላ ናስ ሲሰጠው ይገባዋል። ሳይማር የተሰጠው ናስ ግን ፍርሃት ብቻ ይሆንበታል።

ስለዚህ ከዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት ጀምሮ የምንሠራው ይህ ነው። ማንኛውም ጀማሪ ልጅ ያለ ምንም መያዣ የፕላስቲክ መሣሪያ ወይም የቱቦ ዋሽንት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከተሰበረም ልጁ ራሱ ቅዳሜ መጥቶ ከእኛ ጋር ይጠግነዋል። የናሱ መሣሪያ ለደረሱት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ይሰጣል፤ ጥገናውም ከማኅበሩ መዋጮ ይሆናል። የመያዣውን ደንብ ሽረናል።

ለዚያ ቤተሰብ የጻፍነውንም ደብዳቤ ሽረናል። ባለፈው ወር ሦስታችን ሆነን ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። እናትየው ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁ ግን ጎማውን አምጥቶ አሳየንና «ይህን ይዤ መምጣት እችላለሁ?» አለን። እንደሚችል ነገርነው። ዛሬ ከዚህ ንግግር በኋላ የሚከፈተውን ማርሽ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች የሚነፋው እሱ ነው፤ በዚያው በጎማው። ናሶቹ ከኋላው ይገባሉ። ስታዩት እንዳትስቁበት ሳይሆን፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እንድትሰሙት ነው የምንለምናችሁ።